ከእናቱ ሳይርቅ፣ በራሱ መኝታ፦ የማኦሪ ሕፃናት ቅርጫት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

በኒውዚላንድ ዋሃኩራ የሚባል ቅርጫት አለ። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ሃራኬኬ ከሚባል ተክል ቅጠል ይታቱታል። ስፋቱ አንድ ሕፃን ተዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ነው። ዙሪያው ጠርዝ አለው፤ ውስጡ ስስና ጠንከር ያለ ፍራሽ ይነጠፍበታል። ወላጆች አልጋቸው ላይ፣ አጠገባቸው ያስቀምጡታል። እናት በጨለማ እጇን ዘርግታ ልጇን ትዳብሳለች። ሲያለቅስ አንስታ ታጠባዋለች፤ ሲጠግብ መልሳ ታስተኛዋለች። የአዋቂ ትራስና ብርድ ልብስ ግን ፊቱ ላይ አይደርስም። በእንቅልፍ ልቡ የሚገላበጥ ሰውም አይጫነውም።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በእናቶችና በሕፃናት ጤና የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ችግር ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ሳይንሱ ትክክል ነበር። የሚሰጠውም ምክር ከሳይንሱ የመጣ ነበር። ምክሩ በጣም የሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦች ግን አልተቀበሉትም። ለምን እንዳልተቀበሉት፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተሞከረ፣ የቱ እንደሠራና የቱ እንዳልሠራ አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል።

ሰዎቹን በስም አልጠራም። ሥራው የሐኪሞች፣ የአዋላጆች፣ የሚታቱ ሴቶችና የአያቶች የጋራ ሥራ ነው።

መነሻው

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ኒውዚላንድ በድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከበለጸጉት አገሮች መካከል እጅግ ከተጎዱት አንዷ ነበረች። በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ከ4 በላይ የሚሆኑት በዚህ መንገድ ይሞቱ ነበር። ጤነኛ የሆነ ሕፃን ማታ ጠብቶ ይተኛል፤ ጠዋት ሲያዩት ሕይወቱ የለም። አስከሬኑ ሲመረመር ይህ ነው የሚባል በሽታ አይገኝም።

ከ1987 እስከ 1990 አገር አቀፍ ጥናት ተካሄደ። ልጃቸው የሞተባቸው ቤተሰቦችና ልጃቸው በሕይወት ያለ ቤተሰቦች ተነጻጸሩ። ሕፃኑን በሆዱ ማስተኛት፣ የእናት ሲጋራ ማጨስና ጡት አለማጥባት ጎልተው ወጡ። በ1991 እነዚህን ሦስቱን የሚመለከት ዘመቻ ተጀመረ። ሕፃናትን በሆዳቸው ማስተኛት በፍጥነት ቀረ። ሞቱም በጥቂት ጊዜ ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በሕዝብ ጤና ታሪክ እንዲህ ያለ ፈጣን ውጤት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የማኦሪ ሕፃናት ሞት ግን የሌላውን ያህል አልቀነሰም። ቀድሞም ከፍ ያለ ነበር፤ ከዘመቻው በኋላ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ።

ከዚያው ጥናት መረጃ በ1993 የታተመ ትንተና አንድ ወሳኝ ነገር አሳየ። ከሕፃን ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛት አደጋው በሁሉም ቤት እኩል አይደለም። እናት የምታጨስ ከሆነ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ የማታጨስ ከሆነ ግን ጭማሪው ትንሽ ነው። ምክንያቱም ይታወቃል። ማኅፀን ውስጥ ሳለ ኒኮቲን የደረሰው ሕፃን አየር ሲያጥረው የመንቃት አቅሙ ይደክማል። ሌላው ሕፃን አፍንጫው በብርድ ልብስ ሲሸፈን ይነቃል፤ ይፈራገጣል፤ ፊቱን ያዞራል፤ ያለቅሳል። ይኼኛው ሕፃን ግን ላይነቃ ይችላል። በዚያን ጊዜ በብዙ ማኦሪ ቤቶች ማጨሱም አብሮ መተኛቱም የተለመዱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ትንባሆን ወደ ማኦሪ ምድር ያስገቡት አውሮፓውያን ናቸው። ከሕፃን ጋር መተኛት ግን የማኦሪዎቹ የራሳቸው፣ ከጥንት የመጣ ወግ ነው። የጤናው መልእክት ሁለቱንም በአንድ ዓይን አያቸው። ሁለቱንም ተዉ አለ።

ችግሩ፦ ምክሩ ለምን ሰሚ አጣ?

በማኦሪ ወግ ሕፃን ብቻውን አይተኛም። ማራኤ በሚባለው የጋራ መሰብሰቢያ ቦታቸው ለቅሶ ወይም ሌላ ጉዳይ ሲኖር ዘመድ አዝማድ በትልቁ ቤት ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ጎን ለጎን ያድራል። አያት፣ እናት፣ ልጅና ሕፃን አንድ ጣሪያ ሥር አብረው ይተኛሉ። ሕፃንን ለብቻው ክፍል ዘግቶ መሄድ በእነሱ ዓይን የርኅራኄ ማጣት ነው።

ኑሮውም አለ። የኒውዚላንድ ቤቶች በቅዝቃዜና በእርጥበት የታወቁ ናቸው። ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ክረምቱን ሁሉንም ክፍል ማሞቅ አይችልም። ስለዚህ አንዱን ክፍል ያሞቅና ሁሉም እዚያው ይተኛል። ለሕፃን አልጋ ቦታም ገንዘብም የሌለው ብዙ ነው።

እንግዲህ እዚህ ቤት አዋላጅ ወይም ነርስ ትመጣለች። "ሕፃኑ የት ነው የሚተኛው?" ትላለች። እናትየው ትክክለኛውን መልስ ታውቀዋለች። "በራሱ አልጋ" ትላለች። ነርሷ ትጽፋለች፤ ትሄዳለች። ማታ ሕፃኑ እናቱ ጎን ይተኛል።

የጉዳዩ እምብርት ለእኔ ይህ ነው። ክልከላው አብሮ መተኛትን አላስቀረም፤ ንግግሩን ነው ያስቀረው። አብራ እንደምትተኛ የማትናገር እናት ትራሱን አርቂ፣ ብርድ ልብሱን ዝቅ አድርጊ፣ በመካከል አታስተኚው፣ የጠጣ ሰው አጠገቡ አይተኛ የሚላት ሰው አታገኝም። አደጋው እንዳለ ይቀጥላል፤ ምክሩ ብቻ ይቀራል።

ልጅ ሲሞት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፖሊስ ይመጣል፤ ጥያቄ ይበዛል፤ አስከሬኑ ለምርመራ ይወሰዳል። በማኦሪ ወግ አስከሬን ለብቻው አይተውም፤ ወደ ዘመዶቹ ቶሎ መመለስ አለበት። ሐዘንተኛዋ እናት ልጇንም አጥታ፣ እንደ ተጠርጣሪ ተጠይቃ፣ አስከሬኑንም ስትጠብቅ ትከርማለች። ይህን ያየ ጎረቤት በሚቀጥለው ጊዜ ለነርሷ ልቡን አይከፍትም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በ1994 ማኦሪዎች ራሳቸው የሚመሩት የድንገተኛ ሞት መከላከያ ፕሮግራም ተቋቋመ። ሥራው ሁለት መልክ ነበረው። አንዱ መከላከል ነው። ሌላው ልጅ የሞተበትን ቤተሰብ መደገፍና ፖሊስ፣ ሆስፒታልና የሞት መንስኤ አጣሪዎች ቤተሰቡን በአክብሮት እንዲይዙ መወትወት ነው። ሁለተኛው ከመከላከል ጋር የማይገናኝ ይመስላል። እኔ ግን መሠረቱ እሱ ይመስለኛል። ሐዘን ላይ አብሮ የተቀመጠን ሰው ምክር ሰው ይሰማል።

ፕሮግራሙ በመልእክቱም ለየት አለ። አብሮ መተኛትን ፊት ለፊት ከማውገዝ ይልቅ ሲጋራ ላይ አተኮረ። ያም ሆኖ የእርጉዝ እናቶች ማጨስ በቶሎ የሚቀንስ ነገር አልሆነም። ሕፃናት መሞታቸውን ቀጠሉ።

በ2006 አካባቢ በሰሜን ደሴት ምሥራቃዊ ጠረፍ አንድ ማኦሪ ሐኪምና አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ጥያቄውን ገለበጡት። እናቶች ሕፃናቸውን አልጋቸው ላይ ማስተኛታቸው ካልቀረ፣ አልጋው ላይ እያለ እንዴት ከአደጋ ይጠበቅ? መልሱን ይዘው ወደሚታቱ ሴቶች ሄዱ። ማኦሪዎች በድሮ ጊዜም ለሕፃን የሚሆን የተታታ መኝታ ነበራቸው። ሴቶቹ ዕውቀቱ አላቸው፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ቅርጫቱ ምን ማሟላት እንዳለበት ያውቃሉ። ወለሉ ጠፍጣፋ ይሁን፤ ጠርዙ የአዋቂን ገላ ይከላከል፤ አየር ያስገባ፤ ፍራሹ ጥብቅ ብሎ ይግጠም። ዋሃኩራ የተወለደው በዚህ ንግግር ነው።

ቅጠሉ ሲቆረጥ

ስለ ሃራኬኬ ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ነገሩ ያለ እሱ አይገባም። ቃጫ የሚመስል ረጅም፣ ጠንካራ ቅጠል ያለው ተክል ነው። ቅጠሎቹ ከአንድ ሥር እንደ ማራገቢያ ተከፍተው ይወጣሉ። መሐል ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ልጅ ነው ይላሉ። ግራና ቀኝ አቅፈውት የቆሙት ወላጆቹ ናቸው። ከእነሱ ውጪ ያሉት አያቶቹ ናቸው። ሲቆረጥ የሚነኩት አያቶቹ ብቻ ናቸው። ልጁና ወላጆቹ ከተቆረጡ ተክሉ ይሞታልና።

ከመቆረጡ በፊት ጸሎት ይደረጋል። በዝናብና በሌሊት አይቆረጥም። ቢላው ከውስጥ ወደ ውጪ በሰያፍ ይወርዳል፤ ውሃ ወደ መሐሉ ገብቶ ለጋውን እንዳያበሰብሰው። ከዚያ ቅጠሉ በጥፍር ወይም በመሣሪያ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ እንዲለሰልስ በቢላ ጀርባ እየተጫኑ ይስቡታል፤ ከዚያ ይታታል። ጀማሪ የመጀመሪያ ሥራዋን ለራሷ አታስቀርም፤ ለሰው ትሰጣለች።

ቅርጫቱ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በጋራ ተቀምጦ ነው። እርጉዝ እናቶች፣ እናቶቻቸው፣ አክስቶችና አያቶች ማራኤ ላይ ይሰበሰባሉ። እጅ ይታታል፤ አፍ ያወራል። አዋላጇም እዚያው አለች። ስለ ሲጋራ፣ ስለ ጡት፣ ስለ ምጥ፣ በጀርባ ስለ ማስተኛት ወሬው ይመጣል። ማንም ሰሌዳ ፊት ቆሞ አያስተምርም። ትምህርቱ አያት ባለችበት መሰጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ሕፃኑ በሆዱ ሲተኛ እንቅልፉ ይጠልቃል ብላ ልጆቿን ያሳደገች አያት ይህን ሐሳቧን ካልቀየረች፣ የወጣቷ እናት ማወቅ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ቅርጫቱ ከሕግ ጋር ነው የሚሰጠው። ሕፃኑ በእያንዳንዱ እንቅልፍ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በራሱ ቦታ ይተኛል። በጀርባው ይተኛል። ፊቱ አይሸፈንም፤ ትራስ የለም፤ መጫወቻ የለም። ቤቱ ከሲጋራ ጭስ ነፃ ይሁን። እናት ጡት ታጥባ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ ከ1991 ጀምሮ ሲነገሩ የነበሩ ናቸው። ልዩነቱ አሁን ሕጉ የሚመለከተው አያት በእጇ የታታችውን፣ ቤተሰቡ የሚኮራበትን ዕቃ ነው።

"ማስረጃው የታለ?"

ዋሃኩራ በሁሉም ዘንድ እልልታ አልገጠመውም። አንዳንድ ባለሙያዎች ቅርጫቱ አብሮ መተኛትን ያበረታታል ብለው ፈሩ። የሞት መንስኤ ከሚያጣሩ ኮሮነሮች መካከልም ጨርሶ አብራችሁ አትተኙ የሚል ጠንካራ መልእክት ይተላለፍ ያሉ ነበሩ። ቅርጫቱ ደኅንነቱ ተፈትኖ ነው ወይ የሚለው ጥያቄም ተነሣ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕፃን የሚተኛበት ዕቃ ባህላዊ ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው አይባልም። የፕሮግራሙ ሰዎችም ጥያቄውን እንደ ስድብ አልቆጠሩትም። በሆክስ ቤይ አካባቢ 200 እርጉዝ እናቶችን ያሳተፈ ጥናት ተካሄደ፤ አብዛኞቹ ማኦሪ ነበሩ። በዕጣ ለግማሾቹ ዋሃኩራ፣ ለግማሾቹ የተለመደው ባለ እግር የሕፃን አልጋ ተሰጣቸው። ሕፃናቱ አንድ ወር ሲሞላቸው ቤታቸው ውስጥ በጨለማ በሚቀርጽ ካሜራ ሌሊቱን ሙሉ ተቀረጹ። የደም ኦክስጅናቸውና የሰውነት ሙቀታቸው ተለካ። በ1፣ በ3 እና በ6 ወር እናቶቹ ተጠየቁ።

ውጤቱ በ2017 ታተመ። ራስ መሸፈን፣ በሆድ ወይም በጎን መተኛት፣ ከቅርጫት ወጥቶ አብሮ መተኛት፣ በእነዚህ ሁሉ ዋሃኩራ ከተለመደው አልጋ የባሰ አልሆነም። አንድ ነገር ግን ተለየ። በ6 ወራቸው ሙሉ በሙሉ ጡት የሚጠቡት በዋሃኩራው ቡድን 22.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌላው ቡድን 10.7 በመቶ ነበሩ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ጡት ማጥባት ራሱ ከድንገተኛ ሞት ስለሚከላከል ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል። ሕፃኑ ክንድ ዘርግተው የሚደርሱበት ላይ ካለ፣ ሌሊት ለማጥባት ከአልጋ መውረድ የለም።

የመሬት መንቀጥቀጡና የፕላስቲኩ ሣጥን

በየካቲት 2011 ክራይስትቸርች ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ቤታቸው የፈረሰባቸው ቤተሰቦች በዘመድ ቤት፣ በጋራዥ፣ በመኪና ውስጥ ማደር ጀመሩ። ሕፃናት በተገኘው ቦታ መተኛታቸው አሳሳቢ ሆነ። በዚያ ጊዜ ቅርጫት እስኪታታ መጠበቅ አይቻልም።

በከተማዋ የሚገኝ አንድ ድርጅት የዋሃኩራን ሐሳብ ወስዶ ወደ ፕላስቲክ ሣጥን ቀየረው። ለዕቃ ማስቀመጫ የሚያገለግል ዓይነት ሣጥን ነው፤ ልክ የሆነ ፍራሽና አንሶላ ተደረገለት። ፔፒ-ፖድ ተባለ። ርካሽ ነው፤ ይታጠባል፤ በብዛት ይገኛል። ከ600 በላይ ለሚሆኑ ቤተሰቦች በአጭር ጊዜ ታደለ። አሰጣጡ ሦስት ነገር ነበረው፦ ሣጥኑ፣ ስለ አጠቃቀሙ ፊት ለፊት የሚደረግ ንግግር፣ እና የተቀበለው ቤተሰብ የሰማውን ለሌሎች ለማውራት የሚገባው ቃል። ሦስተኛውን በጣም ወድጄዋለሁ። ቤተሰቡን ተረጂ ብቻ አያደርገውም፤ መልእክተኛም ያደርገዋል።

ፔፒ-ፖድ ከዚያ በኋላ ከመሬት መንቀጥቀጡ ውጪም ተስፋፋ። ባሕር ተሻግሮ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ለአቦርጂናልና ለቶረስ ስትሬት ደሴቶች ቤተሰቦች ከራሳቸው የጤና ባለሙያዎች ጋር በመተባበር ተሰጠ።

የሠራው

ከ2009 እስከ 2015 በኒውዚላንድ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ የሚሞቱ ሕፃናት መጠን በ29 በመቶ ቀነሰ። ከ1,000 ወሊድ 2.8 የነበረው ወደ 2.0 ወረደ። ቅናሹ ይበልጥ የታየው በማኦሪ ሕፃናት ዘንድና ፕሮግራሙ በተጠናከረባቸው አካባቢዎች ነበር። እንዲህ ያለ አገራዊ ቁጥር ቅርጫቱና ሣጥኑ ብቻቸውን ይህን አደረጉ ብሎ አያረጋግጥም፤ በዚያን ጊዜ ሌላ ሥራም ይሠራ ነበር። ነገር ግን ለዓመታት ቆሞ የነበረ ቁጥር ንቅንቅ ማለቱና ንቅናቄው ሥራው በበረታበት ቦታ መታየቱ ትልቅ ነገር ነው።

በቁጥር የማይታይም አለ። ንግግሩ ተከፈተ። አንዲት እናት "አልጋዬ ላይ፣ በዋሃኩራው ውስጥ" ብላ ሳትሸማቀቅ መመለስ ቻለች። ከዚያ በኋላ ነርሷ ስለ ትራሱም፣ ስለ ሲጋራውም፣ ሶፋ ላይ ስለ መተኛትም መጠየቅ ትችላለች። በ2017 መንግሥት አገር አቀፍ የመከላከያ ፕሮግራም ሲጀምር ቅርጫቱና ሣጥኑ በዕቅዱ ውስጥ ተካተቱ።

ያልሠራው

መጀመሪያ፣ ቅርጫቱ አይበቃም። ጥሩ አድርገው የሚታቱ ሴቶች ቁጥር ውስን ነው። አንዱን ለመጨረስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት ቅጠሉ መቆረጥና መዘጋጀት አለበት። የሴቶቹ ሥራ በጎ ፈቃድ ነው ተብሎ ክፍያው ከተዘነጋ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ባህልን እናከብራለን እያሉ የባህሉን ባለቤቶች በነፃ ማሠራት አክብሮት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሣጥኑ የአቅርቦቱን ችግር ሲፈታ አንድ ነገር ያስቀራል። ማራኤ ላይ አብሮ መቀመጡ የለም፤ የአያት እጅ የለበትም። ሣጥኑ እንደ ማንኛውም የእርዳታ ዕቃ ከተሰጠ የሚቀረው ፕላስቲክ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ከሣጥኑ ጋር የሚደረገው ንግግር መዘለል የሌለበት።

ሦስተኛ፣ ሕፃኑ ያድጋል። ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሞላው ቅርጫቱ ይጠበዋል፤ መገላበጥም ይጀምራል። ትልቁ አደጋ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ ቅርጫቱ ዋናውን ጊዜ ይሸፍናል። ቀጥሎ ወዴት እንደሚሸጋገር ቀድሞ ያልታሰበበት ቤት ግን ሕፃኑን ወደ አዋቂ ፍራሽ ይመልሰዋል።

አራተኛውና ከባዱ፣ ቅርጫት ሲጋራን አያስቆምም፤ ቤት አያሞቅም፤ ኪራይ አይከፍልም። የ2017ቱ ፕሮግራም በ2025 የሕፃናትን ድንገተኛ ሞት ከ1,000 ወሊድ ወደ 0.1 ለማውረድ ግብ ጥሎ ነበር። አልተሳካም። የማኦሪ ሕፃናት የሞት መጠንም አሁንም ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ይህ የዋሃኩራ ውድቀት ነው አልልም። ድህነትና የተጨናነቀ ቤት የሚያመጡትን ሞት አንድ ቅርጫት ብቻውን እንዲያስቀር መጠበቅ ግን ልክ አይደለም።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው ምኑ ነው?

ቅርጫቱ ራሱ የማኦሪ ነው፤ እዚያው ይኑር። የሚተላለፈው አካሄዱ ነው። ለእናትየው ተይ ብቻ ከማለት በፊት በምትተወው ፋንታ ምን እንደምታደርግ መያዝ፤ ያንንም ከራሷ ወግ ውስጥ መፈለግ፤ ወጉን የሚያውቁትን ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን ማስገባት፤ ከዚያ ደግሞ ሳያፍሩ መፈተን። መፈተኑን የሚዘልሉ አሉ። ባህል መፈተን የለበትም ይላሉ። ሆክስ ቤይ ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ፈተናው ቅርጫቱን አጠነከረው፤ ለተጠራጣሪውም መልስ ሰጠው።

የእኛን አገር ሳስብ የምጠነቀቀው ነገር አለ። በኢትዮጵያም እናትና ሕፃን አብረው ነው የሚተኙት። ግን የአደጋው መልክ አንድ አይደለም። የሚያጨሱ እናቶች በጣም ጥቂት ናቸው። ጨቅላዎቻችንን በብዛት የሚወስዱት ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። ቶሎ ለተወለደ ትንሽ ሕፃን የእናት ገላ ማሞቂያ መሆኑን የካንጋሮ እንክብካቤ (ሕፃኑን ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቀፍ) የሚያስተምሩ ነርሶቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ "አብራችሁ አትተኙ" የሚል ፖስተር አራስ ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ የኒውዚላንድን የመጀመሪያ መንገድ መድገም ይሆናል። በእኛ አራስ ቤት መነጋገሪያ የሚሆነው ሌላ ነው። ለምሳሌ ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳያርፍበት ተብሎ የሕፃኑ ፊት በጋቢ ወይም በነጠላ መሸፈኑ። ይህን ተዉ ከማለት ጋቢው ከደረት በታች ሆኖ ራሱ በስስ ኮፍያ ቢሞቅስ፣ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃው ቢጋርደውስ ብሎ ከአያትየው ጋር መምከር ይሻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚገቡ ይህን ለመጀመር ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው። "እማማ፣ ልጁን ሌሊት የት ነው የምታስተኙት?" ብሎ ጠይቆ፣ የሚመጣውን መልስ ፊት ሳይቀይሩ መስማት።

በውጭ አገር ያሉ እናቶቻችን ግን ከማኦሪ እናቶች ጋር የሚመሳሰል ቦታ ላይ ይገኛሉ። አሜሪካ ውስጥ ከወለደች በኋላ ከሆስፒታል ስትወጣ ሕፃኑ የት እንደሚተኛ ትጠየቃለች። ብዙዎቹ መልሱን ያውቁታል፤ ቤት ሲደርሱ ግን ያው እንዳደጉበት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረው ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 6 ወር በወላጆቹ ክፍል ውስጥ፣ ግን በራሱ መኝታ እንዲተኛ ነው። ይህን ሲሰሙ ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ የሚይዙ አሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ግን ከእኛ ወግ ጋር ይስማማል፤ ሕፃኑ ለብቻው ክፍል ይሂድ አላለም። ከአልጋ ጎን ተጠግቶ የሚቆም የሕፃን አልጋ እጅ የሚደርስበት ቅርበት ይሰጣል። ፍራሹ ጠንካራ ይሁን፤ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አይግባበት፤ ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ። ሌሊት ስታጠቢ እንቅልፍ ይጥለኛል ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ ሶፋ ላይ አትቀመጪ። ሶፋ ላይ ከሕፃን ጋር እንቅልፍ መውሰድ ከአልጋም እጅግ የባሰ አደጋ አለው፤ ሕፃኑ በትራሶቹ መካከል ይሸጎጣል። አልጋሽ ላይ ሆነሽ፣ ትራሱንና ብርድ ልብሱን ከአጠገቡ አርቀሽ አጥቢው፤ ስትነቂ ወደ መኝታው መልሺው። እንዲህ እንደምታደርጊም ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪው።